ማራገቢያ ያለው ቁም ሣጥን፦ ስለ ቤት ኦቨን የተደረገ መጠነኛ ጥናት

ኦቨን መጋገሪያ ነው የሚለው አስተሳሰብ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ምናልባት ከካርቶኑ ላይ ይሆናል።

ይህ ጥናት የተመሠረተው በአንድ ናሙና ላይ ነው፤ እሱም የእኛ ቤት ኦቨን ነው። ናሙናውን ለማብዛት የጎረቤት በር ተንኳኩቶ ነበር፤ ሁሉም «መጀመሪያ ቡና ጠጡ» ስላሉ ሥራው ሊገፋ አልቻለም።

ናሙናው በዓመት ሦስት ጊዜ ሊጥ ያያል፦ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ። በቀሩት 362 ቀናት ቁም ሣጥን ነው። ስለዚህ ዳቦ ለመጋገር የሚደረገው የመጀመሪያ ሥራ ቁፋሮ ነው። በፋሲካ ዋዜማ ከላይ ወደ ታች ሲቆፈር የተገኙት እነዚህ ናቸው፦ መክደኛ የሌለው ድስት፣ ድስት የሌለው መክደኛ (የዚያ ድስት አይደለም)፣ ሁለት ትሪ፣ የዋጋ ወረቀቱ ያልተላጠለት የኬክ መጋገሪያ። ከሁሉም በታች የኦቨኑ መመሪያ ከነፕላስቲኩ ተገኝቷል። ቁፋሮ ሁልጊዜ የተሟላ አይሆንም። ለገና አንድ የፕላስቲክ ወንፊት ጥግ ላይ ተረስቶ ነበር፤ ዛሬ ወንፊቱ የኦቨኑ ወለል ነው።

አሁን ወደ ማራገቢያው እንግባ። ተራ ኦቨን ከላይና ከታች ይግላል፤ ይሄኛው ግን ጀርባው ላይ ማራገቢያ አለው። የጋለውን አየር እያዞረ ሊጡን የከበበውን ቀዝቀዝ ያለ አየር ስለሚገፈው ሙቀቱ ቶሎ ይደርሳል። 200 ዲግሪ የሚፈልግ ዳቦ 180 ይበቃዋል። አሜሪካዊው ዊልያም ማክሰን በ1940ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር እንዲህ ያለ ኦቨን የሠራው አውሮፕላን ላይ በረዶ የሆነ ምግብ ለማሞቅ ነበር። ማክሰን አዲስ አበባ ሚኒባስ ተሳፍሮ መስኮት ለመክፈት ሞክሮ እንደማያውቅ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በእኛ ዘንድ ንፋስ አንገት ያጣምማል፣ ወገብ ይይዛል፣ አራስ ይጥላል። ሊጡን በጋቢ ጠቅልላ ያሳደረችው እናቴ ማራገቢያው ሲሽከረከር በመስታወቱ ስታይ ያነሳችው ጥያቄም ከዚህ ዕውቀት የመነጨ ነው።

«እንዴ! አሙቄ ያሳደርኩትን ንፋስ ልታስመቱት ነው?»

«እማዬ፣ ሞቃት ንፋስ እኮ ነው።»

«ሞቃቱ ይብሳል። ላብ ላይ ነው የሚመታው።»

ለዚህ መከራከሪያ መመሪያው ውስጥ መልስ አልተገኘም። በእርግጥ ፕላስቲኩ አልተከፈተም።

እናቴ የምታውቀው ድፎ ኮባ ለብሶ፣ ከታች ፍም ከላይ ፍም ተደርጎለት፣ በጸጥታ የሚበስል ነው። እኛም ኮባውን አልነፈግነውም፤ ነገር ግን የቅጠሉ ጫፍ እንደደረቀ በማራገቢያው እየተርገበገበ ዳቦውን በጥፊ ይመታው ጀመር። በ20ኛው ደቂቃ የድፎው አንድ ጉንጭ ጠቁሮ ነበር። እናቴ ምንም አላለችም፤ ዝምታዋ ግን በጥናቱ መዝገብ ሰፍሯል።

ጥፋቱ ሁሉ ግን የማራገቢያው አይደለም፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ሳሳ ይላል፤ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ሊጥም ቶሎ ይነፋል። በፈረንጅ መመሪያ ልክ ቤኪንግ ፓውደር የተጨመረበት ኬክ ሳይጸና ተነፍቶ መሐሉ ይሰጥማል። ይህ በእህቴ ኬክ ተረጋግጧል። እህቴ ጉዳዩ እዚህ እንዳይነሳ ጠይቃ ነበር።

ወደ ድፎው ስንመለስ፣ በ25ኛው ደቂቃ መብራት ሄደ። ማራገቢያው ሁለት ሦስቴ ዞሮ ቆመ። ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ «ውይ!» ሲል እናቴ ብቻ «ተመስገን» አለች፤ ንፋሱ ቆሞላታላ።

ድፎው ወደ ከሰል ተዛወረ፤ ከታች ፍም፣ ከላይ ፍም። ጠቋራው ጉንጭ ከሥር እንዲሆን ተደርጎ ለእንግዳ ቀርቧል።

ኦቨኑ እንደበረደ ዕቃዎቹ በሻማ ብርሃን ወደ ቦታቸው ተመለሱ። አንድ መክደኛ አልገባ ብሎ ተርፏል።