ኤሲ ይዘጋ!

ሳዑዲ፣ ደማም ላይ በነሐሴ «ኤሲ ዝጉ!» ብሎ የሚያዝ ሰው አንድም ጠላት ነው፣ አንድም ዎልፔፐር ለጣፊ ነው። እኔ ሁለተኛው ነኝ፤ ባለቤቴ ግን ልዩነቱ አይታያትም። የኤሲ ንፋስ ያገኘው ወረቀት ሙጫው ቶሎ ይደርቅና ይሰበሰባል፤ መጋጠሚያውም አፉን ይከፍታል። ይህን አስረዳኋት።

«ወረቀቱ እንዳይደርቅ እኛ እንቅለጥ?»

መስኮት እንዳንከፍት ደግሞ ውጪ የባሕረ ሰላጤው እርጥበት፣ ሩጡባው፣ ቆሞ ይጠብቀናል። በመጨረሻ ታረቅን፦ ሌሊቱን ኤሲው ክፍሉን ያቀዘቅዛል፣ ስንለጥፍ ይጠፋል።

ወረቀቱን የገዛነው ኾበር ከተማ ነው። ጥቅሉ 53 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 10 ሜትር ርዝመት አለው። የሳሎናችን ግድግዳ 3 ሜትር ስለሆነ ከአንድ ጥቅል ሦስት ቁራጭ ይወጣል፤ እሱም አበባው ከፈቀደ ነው። እሷ የመረጠችው አበባ በየ64 ሳንቲ ሜትሩ ስለሚደገም፣ ጎን ለጎን እንዲገጥም እያንዳንዱ ቁራጭ 3 ሜትር ከ20 መሆን አለበት። የተረፈው 40 ሳንቲ ሜትር ለመሳቢያ ንጣፍ ይሆናል ተባለ። ስንት መሳቢያ እንዳለን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ሻጩ ቢቸኩልም የጥቅሎቹን የምርት ቁጥር አንድ በአንድ አመሳከረች፤ ቁጥሩ ከተለያየ ቀለሙም ይለያያላ። የመኖሪያ ፈቃዳችንን፣ የኢቃማችንን፣ ቁጥር እንኳ እንዲህ አታየውም።

የለጠፍነው ዓርብ ነው። ዓርብ ደግሞ ሀበሻ የሚጠያየቅበት ቀን ስለሆነ ቡናው ሳይፈላ ቤቱ በአማካሪ ሞላ። «ከማዕዘኑ ጀምር!» አሉኝ። እኔ ግን ቱንቢ አንጠለጠልኩ። ጉዱ ያኔ ወጣ፤ ማዕዘኑ ከላይ እስከ ታች ሁለት ጣት ያህል ዘሟል። የሕንፃውን ጠባቂ፣ ሐሪሱን፣ ጠርተን አሳየነው። ቱንቢውን በጣቱ ነካ አድርጎ አወዛወዘና «ማሌሽ»፣ ምንም አይደል፣ ብሎን ሄደ። እስኪረጋ ጠብቀን በእርሳስ አሰመርን። የመጀመሪያው ወረቀት የሚከተለው ያንን መስመር ነው፤ ግድግዳውን ያመነ ሰው ወዲያኛው ጫፍ ሲደርስ አበባው ሁሉ ይንጋደድበታል።

ሌላው ነገር ምላጭ ነው። እርጥብ ወረቀት በደነዘዘ ምላጭ ይቀደዳል እንጂ አይቆረጥም፤ ስለዚህ አንድ ቁራጭ በተስተካከለ ቁጥር የካተሩን ጫፍ ቀጭ አድርጎ መስበር ነው። ቀጭ ባለ ቁጥር አማካሪዎቼ «ገና ይሠራል እኮ!» እያሉ ያዝናሉ።

በዕድሜ የሚበልጡን ጋሼ ብቻ ዝም ብለው ቆይተው ያደጉበትን ጭቃ ቤት አነሡ። ግድግዳው በዱቄት ሙጫ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ይለጠፍበት ነበር። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተም ጋዜጣ፣ መቼም ካነበበው ሰው ያለበሰው ግድግዳ ሳይበልጥ አይቀርም። እዚያ ቱንቢ የለ፣ አበባ ማጋጠም የለ። የስፖርቱ ውጤት ግማሹ ቁምሳጥን ኋላ ይቀራል፤ የሹመቱ ዜና ተገልብጦ ይለጠፋል፤ እንግዳም ቡናውን እየጠጣ አንገቱን አጣምሞ ያነባል።

ሥራው ሲያልቅ ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉና ግድግዳውን ጠጋ ብለው ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት።

«አምሯል» አሉ። «ግን ምኑ ይነበባል?»