ለ«የፀጉር ስንጥቅ ነው» ባዩ

«የፀጉር ስንጥቅ ነው፤ ልስን ሲደርቅ ያለ ነው» አልክ? ፀጉርም ያድጋል ወንድሜ! ይሄኛው ከመስኮቱ ማዕዘን ተነስቶ ቢሙ ሥር ደርሷል።

«ቀለም ሲቀባ ይጠፋል።» ከዓይን ይጠፋል፤ ከግድግዳው አይጠፋም።

«ቆላ ነው፣ ሙቀቱ ነው።» ሙቀቱን ቤት ገዢዋ ይዛው አልመጣችም። ሸዋ ሮቢት ላይ ሲሚንቶ ያስቦካ ሁሉ፣ ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ ካልጠጣ ጥንካሬውን እንደማያገኝ ያውቃል። ቆላ ሲሆን ደግሞ ጆንያ አልብሶ ጠዋት ማታ ማጠጣት ነው። ጆንያው የታለ? ውሃውስ?

«እንግዲህ መሬቱ ነው፤ መሬት ምን ይደረጋል?»

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህች ቃል ከጣርማ በር ዋሻ ቁልቁል እስከ ደብረ ሲና፣ ከአርማንያ እስከ ሸዋ ሮቢት ሜዳ፣ ከዚያም እስከ አጣዬ ድረስ የግንበኛ ሁሉ መሸሸጊያ ሆናለች። መሬቱማ አስቸጋሪ ነው፤ ማን ካደ? ሜዳው ላይ ዋልካ አለ፤ ክረምት ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ የተሸከመውንም ቤት አብሮ ያነሳል፣ አብሮ ይጥላል። ዳገቱ ደግሞ ይንሸራተታል። በ1998 መስከረም ደብረ ሲና አጠገብ ይዛባ ላይ መሬቱ ተንሸራቶ ስንት ቤት እንዳፈረሰ፣ ስንት ሰው እንዳፈናቀለ አካባቢው አይረሳውም። በ2017ም ከአዋሽ ፈንታሌ ወገን የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሰው ከአልጋው አስነስቷል።

መሬቱ እንዲህ መሆኑን ካወቅህ ግን ተጠያቂነትህ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ይህን የምልህ እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ሕጉ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 3039 ሥራ ተቋራጩ ቤቱን ካስረከበ በኋላ ለአሥር ዓመት ለሥራው ደህንነትና ለግንባታው ጥንካሬ ዋስ ነው ይላል። በአሠራሩ ጉድለት ብቻ አይደለም፣ ቤቱ ባረፈበት መሬት ጠባይ ምክንያት ለሚደርሰው መፍረስና መበላሸትም ተጠያቂ ያደርገዋል። «የመሬቱ ጠባይ» የሚለው ሐሳብ ሕጉ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ አንተ ያንኑ ማምለጫ ታደርገዋለህ?

ሌላም ልጨምርልህ። ይህ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው መስከረም 1 ቀን 1953 ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት መጨረሻ፣ ሕጉ ገና ዓመት ሳይሞላው፣ የይፋቶቹ ካራቆሬና ማጀቴ በመሬት መንቀጥቀጥ ተመቱ። ማጀቴ ፈረሰች፤ ካራቆሬም ብዙ ቤት ወደቀ። የሕጉ አሥር ዓመትና የይፋት መሬት በአንድ ዓመት ተገናኝተዋል፤ ከስልሳ ዓመት በላይ አልፎም አንዱ ሌላውን አያውቀውም። ይፋት ላይ መሠረት ቆፍሮ አፈሩን ሳያስመረምር፣ ዋልካውን አውጥቶ ሰሌክት ሳይሞላ፣ ፌሮ ቆጥቦ ኮለን ያቆመ ሰው «መሬቱ ነው» ሊለኝ አይችልም። አፈሩን ማወቅ ሥራህ ነበር፤ የተከፈለህም ለዚሁ ነው።

«በውላችን ላይ አንድ ዓመት ነው የተጻፈው።» አንተ አንድ ጽፈሃል፤ ሕጉ አሥር ጽፏል። ማን ይበልጣል?

«ርክክብ ስናደርግ ገዢዋ እማማ አይተው፣ ደስ ብሏቸው ፈርመዋል።» እማማ ያዩት ሴራሚኩን ነው። ግሬድ ቢሙን አሳይተሃቸዋል? ከልስኑ በስተጀርባ ያለውን ብሎኬት፣ ከመሬት በታች ያለውን ፌሮ፣ ማን ገልጦ ያሳያል? ዓይን ያየውን ሰው ሲረከብ ይፈርምበታል፤ ዓይን ለማያየው ነው አሥር ዓመት ያስፈለገው።

«ክሰሱኝ እንግዲህ!»

እሺ፣ እውነተኛው ችግር ይሄ ነው፤ እዚህ ላይ ትክክል ነህ። ዋስትናው አለ፤ ከዋስትናው ጀርባ ግን ብር የለም። ድርጅቱ ይዘጋል፣ ስልኩ ይጠፋል፣ ፈቃዱ በሌላ ስም ይወጣል። ገዢው ጠበቃ ይዞ ደብረ ብርሃን ሲመላለስ ስንጥቁ አይጠብቀውም። ለዚህ ነው «ሕግ አለን» የሚለውም ሰው መልስ የሚገባው። ሕጉን ያረቀቁልን ፈረንሳዊው ምሁር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ፤ አሥር ዓመቱም የፈረንሳይ ሕግ ልማድ ነው። ፈረንሳዮች ግን በ1978 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዚያ ላይ አንድ ነገር ጨመሩ፤ ቤት የሚሠራ ሁሉ ለአሥር ዓመቱ ኃላፊነት የግድ መድን ይግባ አሉ። እኛ አሥሩን ወሰድን፤ መድኑ ሲመጣ አልተከተልንም።

ጃፓንም ይህንኑ በመከራ ነው የተማረችው። እዚያም ለአዲስ ቤት የአሥር ዓመት ዋስትና በሕግ ነበረ። በ2005 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ግን አኔሃ የተባለ አርክቴክት የመሬት መንቀጥቀጥ ስሌቱን አጭበርብሮ መገኘቱ ታወቀ። ቤቶቹን የሸጠው ድርጅት ከሰረ፤ ገዢዎቹም ዋስትናቸውን በእጃቸው ይዘው ካሳ የሚከፍል አጡ። በ2007 አዲስ ሕግ ወጣ፤ ቤት ሻጭ ወይ ገንዘብ ያስይዝ ወይ መድን ይግባ ተባለ። ሻጩ ቢከስር እንኳ ቤቱ የሚጠገንበት ብር አይከስርም ማለት ነው።

«እዚህ እንዲህ ያለ ነገር አይለመድም።» ተለምዷል! መንግሥት ለራሱ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ሲያሠራ ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ ሪቴንሽን ቆርጦ ይይዛል። ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል፣ የጉድለት ጊዜው ይጠበቃል፣ ጉድለቱ ተጠግኖ የመጨረሻው ርክክብ ሲፈረም ነው የተያዘው ተሟልቶ የሚለቀቀው። መንግሥት ለራሱ የማይተወውን ጥንቃቄ ዕድሜ ልኳን ቆጥባ ቤት ለምትገዛ መምህርት ለምን ይተዋል? አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ስልክ ለገዛ እንዲህ ያለ ቅርብ መንገድ ካለ፣ ቤት ለገዛም መኖር አለበት።

«መድንና ሪቴንሽን ካላችሁ ዋጋው ይጨምራል።» ይጨምራል፤ አልክድም። አሁንስ ማን እየከፈለ ነው? ግድግዳ አፍርሶ የሚያስገነባው፣ ጣራ አውርዶ የሚያሰቅለው፣ ቧንቧ ፍለጋ ሴራሚክ የሚያስነቅለው ገዢው ነው። ወጪው አሁንም አለ፤ የሚወድቀው ግን ጥፋት በሌለበት ሰው ላይ ነው።

«ታዲያ ያን ምስኪን ግንበኛ አሥር ዓመት ልታስሩት ነው?» እሱን አላልኩም። በእጅ ዋጋ ብቻ የተቀጠረ፣ ሲሚንቶውን ባለቤቱ የገዛለት፣ ፕላኑን ሌላ የሣለለት ሰው ሙሉውን ሸክም ይሸከም ማለት ግፍ ነው። የእሱ ድርሻ የእጁ ሥራ ነው፤ ቱንቢው ከተዛባ እዚያ ላይ ይጠየቅ። ቤት ሠርቶ የሚሸጠውና ለማኅበር ቤት የሚያስገነባው ድርጅት ግን ትርፉን እንደወሰደ ኃላፊነቱንም ይውሰድ።

ከማዘጋጃ ቤትም ድምፅ ሰምቻለሁ፤ «የእኛ ሥራ ፈቃድ መስጠት ነው።» ፈቃድ ሰጥቶ መሄድ ቁጥጥር አይደለም። የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ የመጠቀሚያ ፈቃድን የግድ ያደረገው ለምድብ «ሐ» ነበር፤ ለትልልቆቹና ለሕዝብ መገልገያዎቹ። ብዙው ሰው የሚኖርበት ትንሹ ቤት ግን ሳይታይ ሰው ሲገባበት ኖሯል። ሁለት ጊዜ ብቻ ኑ፤ መሠረቱ ከመሸፈኑ በፊት አንድ ጊዜ፣ ሶሌታው ወይም ጣራው ከመዘጋቱ በፊት አንድ ጊዜ። ያያችሁትንም በስማችሁ ፈርማችሁ አንዱን ቅጂ ለገዢው ስጡ። ነገ ፍርድ ቤት ሲቆም በእጁ የሚይዘው ወረቀት ያ ነው።

እናንተም ገዢዎች፣ «እግዜር ያውቃል፤ ዋናው ቁልፉን መቀበሌ ነው» አትበሉ። ቁልፍ ስትቀበሉ ጉድለቱን አንድ በአንድ አስጽፉ፣ ሻጩንም አስፈርሙ፤ የመሠረቱንና የፌሮውን ፎቶ ከአሁኑ አንሱ፤ ከክፍያውም የተወሰነው ክረምት እስኪያልፍ እንዲቆይ ውሉ ላይ አስገቡ። ይህን የማይፈርም ሻጭ ስለ ሥራው የሚያውቀውን ነግሯችኋል።

«እንግዲያው ቀሪ ክፍያዬን መቼ ነው የምወስደው?»

በመስከረም ና ኢንጂነር። ጣራውንም መሠረቱንም አብረን አይተን፣ ደህና ከሆነ ቆጥረህ ትወስዳለህ።