በጀት ሲዘጋ ፓርክም ይዘጋ

የተዘጋ ነገር ባየ ቁጥር ማጉረምረም የኛ ሰው አመል ሆኗል። መንገድ ተዘጋ ሲል ይከርማል። በ2012 ዓ.ም. በወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋም አጉረምርሟል፤ ያኔ ግን ስልኩ ስለማይሠራ ማጉረምረሙን የሰማው ጎረቤቱ ብቻ ነበር። ዘንድሮ ደግሞ «ፓርኩ ተዘጋ» ብሎ ከጀበና ቡናው በርጩማ እስከ ባጃጅ ተራው ያዙኝ ልቀቁኝ ይላል። እኔ ብዕሬን ያነሳሁት ዘጊዎቹን ላመሰግን ነው። የሠራ ይመስገን እንጂ፣ መዝጋትም ሥራ ነው።

ፓርኩ ያለው ከነቀምቴ ወደ ምዕራብ ሲወጡ ከሚያገኟቸው ከተሞች በአንዷ ነው። ስሟን አልጠራም። ባልጠራትም ከጊምቢ እስከ ደምቢ ዶሎ፣ ከነጆ እስከ መንዲ «ይቺማ የኛዋ ናት» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ይውሰዳት፣ ለሁሉም ትበቃለች። ያላትም ብዙ አይደለም፦ አንድ ትልቅ ዋንዛ፣ ጥቂት ጃካራንዳ፣ የሲሚንቶ አግዳሚዎች፣ እና መሀል ላይ አንዲት ፋውንቴን። ፋውንቴኗ ውኃ የረጨችው በምረቃው ዕለት ብቻ ነው፤ እሱም በቦቴ መጥቶላት።

አሁን የብረት በሩ በሰንሰለት ተጠፍሮ ሁለት ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። ከጓጉንቸሩ በላይ በቆርቆሮ ላይ በቀይ የዘይት ቀለም «በበጀት እጥረት ምክንያት ፓርኩ ለጊዜው ተዘግቷል» የሚል ጽሑፍ አለ። ቀለሙን ጠጋ ብዬ አየሁት። ሁለት እጅ የተቀባ ነው። አሥር ክረምት ቢወርድበት «ለጊዜው» የምትለዋ ቃል አትለቅም። ከቆርቆሮው ጎን የምረቃው ባነር ፀሐይ ቀለሙን መጥጦት እስካሁን ተሰቅሏል፤ «እንኳን ደስ» የሚለው ቀርቷል፣ «አላችሁ» የሚለውን ነፋስ ወስዶታል።

ከበሩ ፊት ጥበቃው ተቀምጠዋል። ሽማግሌ ናቸው፣ ካፖርታቸው ከሳቸው ይበልጣል። «ባርሲሳ» ይሉኛል፣ መምህር ማለታቸው ነው፤ ሰላምታ ተለዋወጥንና ጠየቅኋቸው።

«ኦቦ፣ አትክልተኛዋ የት ገቡ?»

«ኮንትራት አልነበረች? ተቋረጠ። በጀት የለም አሏት።»

«እርስዎስ?»

«እኛማ ቀጥለናል፤ ሦስት ነን፣ በፈረቃ። የሚጠበቅ ንብረት አለ ተባለ።»

«የትኛው ንብረት?»

ጓጉንቸሩን አሳዩኝ።

እዚህ ላይ ነው አድናቆቴ የጀመረው። አንዲት አትክልተኛ ለማቆየት ገንዘብ ያጣ ከተማ፣ የአትክልተኛዋን አለመኖር ለመጠበቅ ሦስት ሰው ቀጥሯል። ሰንሰለቱ ተገዝቷል፣ ቆርቆሮው ተገዝቷል፣ ቀለም ቀቢው ተከፍሎታል። መዘጋቱን ያጠናው ኮሚቴም ያለ አበል አልተሰበሰበም፤ ቃለ ጉባኤውን አላየሁትም፣ ግን አገሬን አውቃለሁ። ለመክፈቻ ገንዘብ ነበረ፣ ለመዝጊያም አልጠፋም። የጠፋው በመክፈቻና በመዝጊያ መካከል ላሉት ቀኖች ነው።

ይህ ግን ስንፍና እንዳይመስላችሁ፣ ሕግና ሥርዓት ያለው ነገር ነው። በጀት ባለ ሁለት ኪስ ነው፤ አንዱ ካፒታል፣ ሌላው መደበኛ ይባላል። ድንጋዩ የሚነጠፈው፣ አምፖሉ የሚተከለው፣ ሪባን የሚቆረጥለት ሁሉ ከካፒታል ነው። ማጭዱ፣ የጎማ ቱቦው፣ የሽንት ቤቱ ሳሙና፣ የአትክልተኛዋ ደመወዝ ከመደበኛ ነው። የመደበኛውን አብዛኛውን የሠራተኛ ደመወዝ ይበላዋል፤ ከደመወዝ የተረፈችው ፍርፋሪ ሥራ ማስኬጃ ትባላለች፤ «በጀት ተቀነሰ» የተባለ ዕለት መጀመሪያ የምትቆረጠው እሷ ናት። ለምን ቢባል አፍ የላትም። ደመወዝ ቢዘገይ ሠራተኛው ያኮርፋል፣ ክፍያ ቢዘገይ ኮንትራክተሩ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ጽጌረዳ ግን ውኃ ብታጣ ራሷ ትከሳለች እንጂ ማንንም አትከስም።

ገንዘብ የለም እንዳይባል ደግሞ አለ። ለ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የጸደቀው የፌዴራል መንግሥቱ በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር፤ ለ2018 የጸደቀው 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ብሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ ከእጥፍ በላይ መውጣቱን አስታውሶ ደስታዬን የሚያበላሽ ምቀኛ አይጠፋም፤ ተዉት። ትሪሊዮን 12 ዜሮ እንዳለው የልጅ ልጄ ነገረችኝ። ለአትክልተኛዋ የደረሳት ከዜሮዎቹ አንዱ ነው።

የቀን መቁጠሪያውም ለፓርክ አልተሠራም። ሰኔ 30 በጀት ይዘጋል፤ ያልተሠራበት ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ ሰኔ የዕውቀት ወር ነው። ዓመቱን ሙሉ ያልተማረ ቢሮ ሁሉ በሰኔ ሦስተኛው ሳምንት ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ አዳማና ቢሾፍቱ ለሥልጠና ይወርዳል። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ በጀቱ ጸድቋል እንጂ አልተለቀቀም። ነሐሴም አልተለቀቀም። መስከረም ላይ «ዕቅድ እየተከለሰ ነው»። እንግዲህ ፓርኩ በሰኔ ገንዘቡ ስላለቀ፣ በሐምሌ ገንዘቡ ስላልመጣ ይዘጋል። የቀሩት ወራት ይከፈት ብንል ለጥቂት ወር ብሎ ሰንሰለት መፍታትና ማሰር የሰው ጉልበት ማባከን ነው።

ከሁሉ የማረከኝ የመዝጊያው ምክንያት ነው። ጥበቃው እንደነገሩኝ በመዝጊያው ደብዳቤ ላይ ከተዘረዘሩት ወጪዎች አንዱ «የውኃ ማጠጫ» ነው። ወለጋ ውስጥ! ከግንቦት እስከ ጥቅምት ሰማዩ ያለ ክፍያ ማዘዣ፣ ያለ ጨረታ፣ ያለ ሦስት ፕሮፎርማ የሚያጠጣበት አገር! እኛ ዘንድ በክረምት ዣንጥላ ረስቶ የወጣ ሰው ራሱ አትክልት ሆኖ ነው የሚመለሰው። ምናልባት ዝናቡ ደረሰኝ ስለማይሰጥ በሒሳብ አልተያዘ ይሆናል።

«በሰለጠነው ዓለም እንዲህ ይደረጋል ወይ?» ለምትሉ፣ ይደረጋል፤ ብቻችንን አይደለንም። አሜሪካ ውስጥ የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2011 በጀት ጎድሎኛል ብሎ ከ278 ፓርኮቹ 70ውን ሊዘጋ አወጀ። ሕዝቡ ደነገጠ፤ ከኪሱ አዋጣ፤ መኪና እያጠበ ኬክ እየሸጠ ገንዘብ ሰበሰበ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2012፣ የፓርኮቹ መሥሪያ ቤት ለዓመታት ሳያሳውቅ ያስቀመጠው 54 ሚሊዮን ዶላር ሒሳብ ውስጥ ተኝቶ ተገኘ። ኃላፊዋ ሥራቸውን ለቀቁ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይለየናል። አንደኛ፣ እኛ ዘንድ ተኝቶ የሚገኝ ገንዘብ የለም፤ የኛ ገንዘብ እንቅልፍ የለውም። ሁለተኛውን፣ ስለ ኃላፊዋ ሥራ መልቀቅ፣ እዚህ ባላነሳው ለጤናዬ ይሻላል።

እንግዲህ ፓርክ ባይኖርስ ምን ጎደለብን? ወጣቱ መዋያ አጣ ይባላል። አላጣም። ቤቲንግ ቤቱ ከማለዳ ጀምሮ ክፍት ነው፤ ፑል ቤቱ ጣሪያ አለው፣ ጫት ቤቱ ፍራሽ አለው። አንዳቸውም «በበጀት እጥረት» ብለው ሲዘጉ አይቼ አላውቅም። የከተማ ልጅ ማንቸስተር በስንት እንደሚያሸንፍ በሚተነብይበት ዕድሜ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ ጃካራንዳ ማየት ምን ያደርግለታል? ጃካራንዳ ኦድ የላት።

ሽማግሌዎቹም ቢሆኑ ጥላ ለምደው ነው እንጂ ያለ ጥላ መኖር ይቻላል። ይቺ አገር ስለ ጥላ ብዙ የምታውቅ አገር ናት። ነጋዴው ዓለም «ለቀምት» ብሎ የሚገዛው ቡናችን የሚያድገው በዋንዛና በሳሳ ጥላ ሥር ነው። ገበሬው ለቡናው ሲል ዛፉን አይቆርጥም፤ ቅርንጫፉን እንኳ ለክቶ ነው የሚመለምለው፤ ፀሐይ በዛ፣ ፀሐይ አነሰ እያለ። በወለጋ ቡና የጥላ ድርሻው ተከብሮለታል። ሰው ግን ወደ ውጭ ስለማይላክ አስፋልት ዳር ቢንቃቃ የሚጎዳ ገቢ የለም። ሆሮ ጉዱሩ ውስጥ ኦዳ ቡሉቅ ሥር አባቶች ሕግ ሲደነግጉ ኖረዋል። የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ ሲመዘገብ እኔም ካጨበጨቡት አንዱ ነበርኩ። አስቡት እስቲ፤ በር የለ፣ ቲኬት የለ፣ ጥበቃ የለ፣ ዝም ብሎ ዛፍ! ያ ሁሉ ጉባኤ ያለ አንዲት የፕላስቲክ ወንበር መካሄዱ ዛሬ ለኦዲት የሚያስቸግር ነው።

ቅንነት ከተነሳ ልናገር፣ አዲስ ነገር ሲሠራ አልጠላም። የኮሪደር ልማቱ ነቀምቴ ከደረሰ ወዲህ ማታ ማታ በመብራቱ ሥር በእግር መሄድ ደስ ይለኛል፤ ጉልበቴም ያመሰግናል። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። እኛ የምንወደው የመጀመሪያውን ቀን ነው። ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ለሸገር ፓርኮች ተብሎ በቤተ መንግሥት በተዘጋጀው እራት የአንድ ወንበር ዋጋ 5 ሚሊዮን ብር ነበር። ያው ዓመት ሳይወጣ ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተባለ። ግሩም ነው። ለመትከል ቀን ተቆርጦለታል፣ መዝሙር ወጥቶለታል፣ ቲሸርት ታትሞለታል። የመኮትኮቻ ቀን ግን የትኛው ነው? ቲሸርቱስ ምን ቀለም አለው? ለአንድ ማጭድ መግዣ እራት የተጋበዘ ሰው ካለ እጁን ያውጣ፤ ከ5 ሚሊዮኑ ባይሆን አምስት ብር ይዤ እመጣለሁ። አዲስ አበቤውም ቢሆን አያቶቹ ሠርጋቸውን ፎቶ የተነሱባቸውን እነ ብሔረ ጽጌ ፓርክን ትቶ ወደ አዲሶቹ ነው የሚጋፋው። ሙሽራ ሲያረጅ ማን ያየዋል።

ዳቲ ወለልንም ልረሳው ነበር። ቄለም ወለጋ ውስጥ ያለ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ጎሽ አለው። እዚያ መዝጋት እንኳ አላስፈለገም። ኤምባሲዎች ዜጎቻቸውን «ወደ ወለጋ ዞኖች አትሂዱ» እያሉ የሚያስጠነቅቁበት ዘመን ስለሆነ ሰንሰለትም ጓጉንቸርም ተርፎልናል። ጎሾቹ ያለ ጎብኚ፣ ጎብኚዎቹም ያለ ጎሽ በሰላም እየኖሩ ነው ተብሎ ሪፖርት ቢደረግ ግማሹ እውነት ይሆናል።

ለከተማዬ ያለኝ ሐሳብ አንድ ነው። መዝጋቱ በዝምታ መሆኑ ቅር ብሎኛል። የተመረቀ ነገር ሲዘጋም መመረቅ አለበት። ድንኳን ይተከል፣ ሞንታርቦ ይምጣ፣ ወንበር ከነልባሱ ይደርደር፣ የክብር እንግዳው በሪባን ፋንታ ሰንሰለቱን ይቆልፉ። ቦቴው ለመጨረሻ ጊዜ መጥቶ ፋውንቴኗን ያስረጫት። ገንዘቡ ከካፒታል ይወጣል፤ ግንባታ ነውና፤ የተዘጋ በር መገንባት።

ይህን ሐሳቤን ለጥበቃው ለማካፈል በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ከሰዓት ነበር፤ ደመናው ከዲዴሳ በኩል ጠቁሮ መጣና መንገድ ላይ ያዘኝ። በሩ ጋ ስደርስ ወንበራቸው ባዶ ነው። በሰንሰለቱ መሀል ወደ ውስጥ ሳይ ሦስት ፍየሎች ጽጌረዳ የነበረበት መደብ ላይ ተሰማርተዋል፤ ማንም በጀት እንዳለቀ አልነገራቸውም። በየት እንደገቡ አጥሩን እየተከተልኩ ፈለግኩ። በስተጀርባ ሽቦው ተቀድዶ ወገብ የሚያህል ቀዳዳ ሆኗል፤ ጠርዙ ላይ የፍየል ጸጉር ተይዟል። ከጸጉሩ ጎን የካፖርት ክር።

ዣንጥላዬን አጥፌ፣ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ሽማግሌው ዋንዛው ሥር አግዳሚው ላይ ተቀምጠው በፌስታል የቋጠሩትን ቆሎ ይበላሉ። አዩኝ። ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

«ባርሲሳ፣ ቶሎ ይቀመጡ» አሉኝ፤ «ዝናቡ ሊከፍተው ነው።»