የጥርስ ሳሙና ለጥርስ ነው

እስቲ ጠጋ በሉ፤ አንዲት ቀጭን ጭረት እንዴት አድርጋ ከነሞኒተሬ ሚኒባስ ላይ እንዳሳፈረችኝ ላጫውታችሁ።

ጊዜው የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሰሞን ነው። የበዓል ጽዳት መቼም ታውቁታላችሁ፤ ቄጤማው ሳይጎዘጎዝ ግድግዳው ይታጠባል፣ ምንጣፉ ይራገፋል፣ ዓመቱን ሙሉ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ዕቃ ሁሉ ያን ሰሞን ይታወሳል። የእህቴ ልጅም ሊያግዘኝ ብሎ ሞኒተሩን በዕቃ ማጠቢያው ስፖንጅ፣ ያውም በሻካራው በኩል፣ ወለወለው። ደግ ልጅ ነው፤ ሥራ እያየ መቀመጥ አይሆንለትም። ከስክሪኑ መሃል ትንሽ ወደ ቀኝ ከጥፍር የማትረዝም ጭረት ቀረች።

ፊልም ሳይ አትታየኝም። ነጭ ገጽ ከፍቼ መጻፍ ስጀምር ግን ፊደል መሃል ትገባለች። «ሰ» ጎን ስታርፍ «ሱ» ታስመስለዋለች፤ እኔም ደህናውን ቃል አጥፍቼ እንደገና እጽፋለሁ።

ይህንኑ ጎረቤታችን እትዬ ቤት ቡና ላይ አነሳሁት። አቦሉ ላይ ብሶቴን ተናገርኩ፣ ቶናው ላይ ምክር መጣ።

«በጥርስ ሳሙና እሸው ልጄ» አሉኝ። «እኔ ያን ትልቁን ቴሌቪዥን በእሱ አይደል እንዴ አዲስ ያደረግሁት!»

«እውነት ይለቃል እትዬ?»

«ሳይለቅ ምን ቆርጦት!»

በረካውን ሳልጠጣ መነሳቴን አልወደዱትም፤ በረከቱ ያለው እዚያ ላይ ነው ባይ ናቸው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል የሚባለውም ያለ ነገር አይደለም። ሱቅ ደርሼ ሳሙናውን ገዛሁ፣ ለስላሳ ጨርቅ አረጠብኩ፣ ክብ ክብ እየሠራሁ ማሸት ጀመርኩ። ቤቱ ሚንት ሚንት ሸተተ፤ ጭረቷም የጠፋች መሰለች። ጠርጌ ሳየው ጭረቷ እቦታዋ ናት፤ ዙሪያዋን ደግሞ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል አብረቅራቂ ክብ ወጥቷል። ሌላው የስክሪኑ ገጽ ደብዘዝ እንዳለ፣ እሱ ብቻ የመስኮቱን ብርሃን ይመልሳል። ላመሳስለው ብዬ ዳር ዳሩን ሳሸው ክቡ ሰፋ። ሊኩሏት ዓይኗን አጠፏት ማለት ይኼ ነው።

በማግስቱ ሞኒተሩን በጋቢ ጠቅልዬ ወደ ጥገና ቤት ሚኒባስ ያዝኩ። ጭኔ ላይ አቅፌዋለሁ። ረዳቱ ዞር ብሎ አየኝና «ለእሱም ትከፍላለህ» አለ። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ደግሞ «ትንፋሽ እንዲያገኝ ፊቱን ገለጥ አድርግለት እንጂ ልጄ» አሉኝ። ገለጥ አደረግሁላቸው። አይተው ዝም አሉ፤ ታክሲውም አብሮ ዝም አለ። የሁለት ሰው ከፍዬ ወረድኩ።

ባለሙያው ጋቢውን ገልጦ፣ ምንም ሳልናገር አፍንጫውን አስጠጋ። «የጥርስ ሳሙና ነው?» ድምፁን ዝቅ አላደረገም፤ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «አዎ» አልኩ። አንድ ጎረምሳ እሱም ሊያሸት መጣ።

ደግነቱ ሰውየው ማስረዳት ይወዳል። የእትዬ ቴሌቪዥን፣ ያ ሆደ ትልቁ፣ ፊቱ ወፍራም መስታወት ነው፤ የጥርስ ሳሙና አይበግረውም። የዛሬው ጠፍጣፋ ኤልሲዲ መስታወቱ ከውስጥ ነው፤ ከላይ የለበሰው የብርሃንን የንዝረት አቅጣጫ የሚመርጥ ስስ ፕላስቲክ ነው፣ ፖላራይዘር የሚሉት። አሜሪካዊው ኤድዊን ላንድ እ.ኤ.አ. በ1929 የፈጠራ መብት ከጠየቀበት ንጣፍ የተወለደ ነገር ነው። ባለሙያው ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽሩን አውልቆ ስክሪኑ ፊት ቀስ ብሎ ሲያዞረው በመነጽሩ ውስጥ ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጨለመ፤ ተራ ጠባቂዎቹም እኔን ትተው እሱን ማየት ያዙ። በፕላስቲኩ ላይ ደግሞ ነጸብራቅ እንዳያስቸግር ሆን ተብሎ እንዲሻክር የተደረገ ሽፋን አለ። በጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው ሲሊካ ወይም ካልሲየም ካርቦኔት የጥርስን ቆሻሻ የሚፈገፍግ ነው፤ ያንን ሻካራ ሽፋን ልጎ ያለሰልሰዋል። የእኔ አብረቅራቂ ክብ የተላገው ቦታ ነው።

ከዚያ በጥጥ ጫፍ ቅንጣት ቫዝሊን ነክቶ ጭረቷ ላይ አሳረፈና ትርፉን ጠረገ። ጭረቷ ፈዘዘች። ቫዝሊን ብርሃንን የሚያጥፍበት መጠን ከፕላስቲኩ ጋር ስለሚቀራረብ፣ ጭረቱን ሲሞላው ብርሃኑ እዚያ ቦታ እንደ በፊቱ አይበተንም። ይኼም ቢሆን ጊዜያዊ ነው፤ አቧራ ይስባል፣ ሲጠረግም ይለቃል። ለክቡ ግን መላ የለውም፤ ፓነሉን ልቀይር ቢሉም ወጪው ከሌላ ሞኒተር መግዣ ብዙ አይርቅም።

እናንተ ግን ወዳጆቼ፣ ስክሪናችሁ የተጫረ ሲመስላችሁ መጀመሪያ አጥፉትና በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፤ እድፍ ሊሆን ይችላል። ጭረት ሆኖ ከተገኘና ሥራ ካላስፈታችሁ ተዉት። የጥርስ ሳሙናም ሆነ አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ አታስጠጉት። ጭረት ይለመዳል፤ የተላገ ሽፋን አይመለስም።