መሰላል ላለመውጣት

ከፍታ እፈራለሁ። እንጀራዬ ደግሞ የጣሪያ አሸንዳ ጠረጋ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ለሰው ስናገር ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ሳቃችሁን ትንሽ ያዙልኝ፤ የባሰውን ገና አልነገርኳችሁም።

ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ያለ ሐበሻ ያልሞከረው ሥራ የለም። ፓርኪንግ፣ ታክሲ፣ ሆም ኬር፣ ሊሞ። እኔም ታክሲው ሲቀዘቅዝ የራሴን ካምፓኒ ልክፈት ብዬ ዙሪያዬን ሳማትር ያየሁት ዛፍ ብቻ ነው። የሜሪላንድ ቤቶች በኦክና በሜፕል ተከበው ነው የቆሙት። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ቅጠሉ ይረግፋል፤ በሚያዝያ ደግሞ የኦኩ አበባና የሜፕሉ ባለክንፍ ፍሬ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ሄዶ የሚያርፈው 5 ኢንች ስፋት ባላት አሸንዳ ውስጥ ነው። አሸንዳው ሲደፈን ውሃው በግድግዳው ወርዶ ቤዝመንት ይገባል፤ ያኔ ባለቤቱ ስልክ ያነሣል። ንግዱ ይኸው ነው። የቀረኝ መሰላል መውጣት ብቻ ነበር።

ሞከርኩ። ከአራተኛው እርከን በላይ ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ። እንደምንም ወርጄ ትንፋሼን ከሰበሰብኩ በኋላ አብሮኝ ለሚሠራው ልጅ፣ የባለቤቴ የአክስት ልጅ ነው፣ «ይሄ ኋላ ቀር አሠራር ነው፤ ዘመናዊ መሣሪያ ያስፈልገናል» አልኩት። ልጁ ባልዲውን እንደያዘ ትንሽ አየኝና «እሺ ጋሼ» አለ። የእርጥብና ደረቅ ቫኪዩም ሊቅ የሆንኩት ከዚያች ቀን ጀምሮ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል እንዲህ ነው።

ለማያውቀው ሰው፣ መሣሪያው ቫኪዩሙ መሬት ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ነው። ከሱ ወፍራም ቱቦ ይወጣል፤ በቱቦው ጫፍ እየተቀጣጠለ የሚረዝም ዘንግ አለ፤ የዘንጉ አናት ተቆልምሞ አሸንዳው ውስጥ ይገባል። ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ላይ አሸንዳው እስከ 6 ሜትር ከፍ ይላል። ሠራተኛው ግን እግሩ ከሣሩ አይለይም። ይህን ቪዲዮ ላይ ሳይ ለእኔ ተብሎ የተፈጠረ መሰለኝ።

መጀመሪያ የጣለኝ የፈረስ ጉልበት ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 6.5 ተብሎ ተጽፏል። እንግዲህ እኔ አገር ቤት ኤሌክትሪክ ተምሬ ዲፕሎማ የያዝኩ ሰው ነኝ፤ ዲፕሎማው ሳሎን ተሰቅሏል፣ እንግዳ ሲመጣ አቧራው ይጠረግለታል። የአሜሪካ ቤት ሶኬት 120 ቮልት ነው፤ ብሬከሩ ብዙውን ጊዜ 15 አምፔር። ሁለቱ ሲባዙ 1800 ዋት። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው። ከዚያ ሶኬት ሁለት ፈረስ ተኩል እንኳ በቅጡ አይወጣም። የቀሩት አራት ፈረሶች ሣር የሚግጡት የት ነው? መልሱ ካርቶኑ ጎን ላይ በጥቃቅን ፊደል አለ፦ ቁጥሩ ሞተሩ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚደርስበት ጫፍ እንጂ በሥራ ላይ የሚሰጠው ጉልበት አይደለም። ይህን ሒሳብ የሠራሁት ገዝቼ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ሱቁ ውስጥ የሠራሁት ሒሳብ 6.5 ከ5 ይበልጣል የሚል ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ግን ማን ይቻለኝ! እውነተኛዎቹን ቁጥሮች አጠናሁ። አንደኛው የመሳብ ኃይል ነው፤ ማሽኑ ውሃን በቱቦ ስንት ኢንች ሽቅብ እንደሚጎትት ይለካበታል። ሁለተኛው የአየር ፍሰት ነው፤ በደቂቃ ስንት ኪዩቢክ ጫማ አየር እንደሚያልፍ ይነግርሃል። እኔ ወዲያው ለመጀመሪያው ወገንኩ። ቡና የምንጠጣበት ቤት ለተሰበሰበው ሁሉ «ስድስት ሜትር ሽቅብ ለመሳብ ዋናው የመሳብ ኃይል ነው» እያልኩ እሰብክ ጀመር። ባለ ሁለት ደረጃ፣ ባለ ሦስት ደረጃ ሞተር እያልኩ ናፕኪን ላይ ሥዕል እሥላለሁ። ሰዉ ራሱን ይነቀንቅልኛል። አንድ ቀን አውቶቡስ የሚነዳ ወዳጃችን ስኒውን አስቀመጠና፣

«አሸንዳው የት ነው ያለው?» አለኝ።

«ጣሪያው ጠርዝ ላይ ነዋ።»

«ቫኪዩሙስ?»

«መሬት።»

«ታዲያ ቆሻሻው የሚወርድ ነው እንጂ የሚወጣ ነው እንዴ?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ናፕኪኑን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። እውነቱን ነው። ማሽኑ ሽቅብ የሚያነሣው ከአሸንዳው ሆድ እስከ ዘንጉ ቁልምም ያለችውን ጥቂት ስንዝር ነው፤ ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ነው። ቅጠል ይዞ የሚሄደው አየሩ ነው፤ አየሩ በፍጥነት ካልነጎደ ቅጠሉ ቁልምሙ ላይ ተቆልሎ ይቀራል። የመሳብ ኃይሉ የሚያስፈልገው አፉ ጭቃ ላይ ሲጣበቅ፣ ወይም ከጣሪያው ሺንግል ተራግፎ አሸንዳው ውስጥ የሚተኛው ያ ከባድ አሸዋ ሲያጋጥም ነው። ሁለቱም ይፈለጋሉ፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መርሳት ግን የእኔ ዓይነት ሰው ሥራ ነው። የቱቦው ውፍረትም አለ፤ ከ1.5 ኢንች ወደ 2 ኢንች ሲኬድ የውስጡ ስፋት በሦስት አራተኛ ያህል ይጨምራል። ቀጭኑ ቱቦ ቀላል ነው፣ ርካሽም ነው፣ ደረቅ የኦክ ቅጠል እጥፍ ብሎ ሲገባበት ግን በቃ፣ ተዘጋ። የትኛውን እንደገዛሁ መናገር አያስፈልገኝም።

ቀጥሎ በርሜል። ትልቅ በርሜል ያለው ሰው ቶሎ ቶሎ አይደፋም፤ ቶሎ ቶሎ የማይደፋ ሰው ብዙ ቤት ይሠራል፤ ብዙ ቤት የሠራ ሰው ሀብታም ነው። በዚህ አመክንዮ 20 ጋሎን የሚይዝ ገዛሁና በኩራት ይዤው የሄድኩት እኛው ሰፈር ያሉ አንዲት እትዬ ቤት ነው። ከቫኑ ስናወርደው በር ላይ ቆመው አዩንና፣ «ልጄ፣ አሸንዳ ልትጠርጉልኝ ነው ወይስ መንገድ ልትሠሩ?» አሉ።

አሸንዳቸው ዓመታት የከረመ ነበር። ላይ ላዩ ደረቅ ቅጠል፣ ከሥር ግን ጠቁሮ ያበጠ፣ የጠላ ድፍድፍ የመሰለ ነገር፤ ሽታውም ከዚያው ነው። ከነውሃው ይምገው ገባ። ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ የሞተሩ ድምፅ እየቀጠነ፣ እየጮኸ ሄደ። ጉልበት ጨመረ ብዬ ልጁን በኩራት አየሁት። ለካ በርሜሉ ሞልቶ ተንሳፋፊው ኳስ የአየሩን በር ዘግቶታል፤ ሞተሩ የሚጮኸው የሚስበው አየር ስላጣ ነው። እኔም ምንም ለማይስብ ማሽን ዘንግ ይዤ አሸንዳውን ስደባብሰው ቆየሁ። እትዬ ከወንበራቸው ሆነው ይመለከቱኛል።

አሁን ይደፋ። 20 ጋሎን ውሃ ብቻውን 75 ኪሎ ይመዝናል፤ ጭቃውና በርሜሉ ሳይታከል። ጎማዎቹ እርጥቡ ሣር ውስጥ ሰመጡ። ከሥሩ የማፍሰሻ ቡሽ አለው፤ ቡሹን ስፈታው አንዲት ቅጠል መጥታ ቀዳዳው ላይ ተለጠፈችና አንድ ጠብታ አልወጣም። ልጁ ምንም ሳይናገር ሄዶ ባልዲውን አመጣ፣ ያንን ኋላ ቀር ያልኩትን ባልዲ፣ እየቀዳም ያፈስ ጀመር። እኔ በዚህ መሃል ክዳኑን አነሣሁ። የወረቀቱ ፊልትሮ እዚያው አለ። ለእርጥብ ሥራ የወረቀቱ ወጥቶ ስፖንጁ መግባት እንዳለበት መመሪያው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተጽፏል፤ እኔ ደግሞ መመሪያ አላነብም፣ ዲፕሎማ አለኝ። ፊልትሮው እጄ ላይ ተበጣጠሰ። እትዬ «በሉ ቡና ደርሷል፣ ማሽኑም ይረፍ» አሉ።

እስካሁን የተናገርኩት ጅልነት ነው፤ ጅልነት ይቅር ይባላል። የሚቀጥለው ግን ሌላ ነው። ከመሬት ሆኖ የሚሠራ ሰው አሸንዳው ውስጥ ያለውን አያይም። ለዚህ ተብሎ ዘንጉ አናት ላይ የምትገጠም ትንሽ ካሜራ አለች፤ ምስሉን ወደ ታች ትልካለች፣ በፊትና በኋላ ፎቶ ይነሣል፣ ደንበኛው አይቶ ይከፍላል። ለሞተርና ለበርሜል ያን ሁሉ ገንዘብ ያፈሰስኩ ሰው ካሜራዋን ቅንጦት ነች ብዬ ተውኳት። ታዲያ እንዴት ነበር የምሠራው? በጆሮዬ። ቱቦው ውስጥ የሚንኳኳ ነገር ሲጠፋ «ንጹሕ ሆኗል» እላለሁ። ሳላይ። ሰው አምኖኝ ይከፍለኛል። አንዱ ደንበኛ ቼኩን ሊጽፍ ሲል ቀና አለና በጣቱ ወደ ላይ አመለከተ። አንዲት የሜፕል ችግኝ አሸንዳው ውስጥ በቅላ፣ ሁለት ቅጠል አውጥታ፣ ከጠርዙ በላይ ብቅ ብላ ቆማለች። ዘንጌ አጠገቧ አልፏል። «ይቺስ?» ሲለኝ ምን አልኩት መሰላችሁ? «ሥሯ አሸንዳውን እንዳይጎዳው ብዬ ነው የተውኳት።» ልጁ ይህን ሲሰማ ፊቱን አዞረ። መሰላሉን ይዞ ወጥቶ ነቅሎ ወረደ፤ ችግኟን ከነጭቃዋ ቫኑ ውስጥ ሲጥላት ቃል አልተነፈሰም፤ እኔም አላናገርኩትም። ካሜራዋን የገዛሁት በዚያው ሳምንት ነው። በሷ አይቼ ስንት ቤት በግማሽ ጠርጌ ሙሉ እንዳስከፈልኩ መገመት አላቃተኝም።

ስለ ዘንጉ አጭር ነገር ልበል። አሉሚኒየሙ ርካሽ ነው፤ ሲረዝም ግን ይለምጣል፣ ትከሻንም ያወልቃል። ካርቦን ፋይበሩ ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ዋጋው ግን ያስደነግጣል። እኔ ካርቦኑ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም ብዬ ለልጁ አስተምሬው ነበር። ያስተላልፋል! ሁለቱም ያስተላልፋሉ። ከላይ ካለ የኤሌክትሪክ ሽቦ ቢያንስ 10 ጫማ መራቅ የግድ ነው። ይህንንም ያረመኝ ራሱ ልጁ ነው፣ በትሕትና፣ «ጋሼ፣ እዚህ ላይ እንዲህ ይላል» ብሎ ስልኩን እያሳየኝ። ባለ ዲፕሎማው እኔ ነኝ።

ዛሬ ሰው ደውሎ የትኛውን ልግዛ ቢለኝ መልሱን አውቀዋለሁ። የፈረሱን ቁጥር አትይ። አየሩንና የመሳብ ኃይሉን አብረህ እይ። ሞተሩ የሚቀዘቅዝበት አየር ቆሻሻው ከሚያልፍበት አየር የተለየ ይሁን፤ አለበለዚያ እርጥበቱ ሞተሩን ይበላዋል። ቱቦው 2 ኢንች ይሁን። በርሜሉ ሞልቶ ብቻህን የምትገፋው ይሁን። ኤክስቴንሽኑ ወፍራም ይሁን፤ ባለ 16 ቁጥሩ ቀጭን ገመድ 100 ጫማ ሲረዝምና 12 አምፔር ሲያልፍበት ወደ 10 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይበላል፣ ይግላልም። ካሜራዋን ከሁሉ በፊት ግዛ። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ከሆነ ደግሞ ማሽኑን ቫኑ ውስጥ ተወው፤ መሰላሉን በደንብ ያቆመ፣ ማለትም ለአራት ጫማ ከፍታ እግሩን አንድ ጫማ ከግድግዳው ያራቀ፣ ባልዲና ጓንት ያለው ልጅ ይቀድምሃል። ይህን የመጨረሻውን ምክር ለሰው ስሰጥ ድምፄ ዝቅ ይላል።

ባለቤቴ ደረሰኞቹን አንድ ምሽት ጠረጴዛው ላይ ደርድራ፣ «ፈራሁ ብትል ማን ይጣላሃል? አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ አለች አህያ» አለችኝ። ልጁ በሚቀጥለው ዓመት በትርፉ ግማሽ ይግባ ብላለች፤ ተስማምቻለሁ። ሲሆን ሲሆን ግማሹ ለእኔ ነበር የሚበዛው።

እኔ አሁን ስልክ አነሣለሁ፣ ቀጠሮ እይዛለሁ፣ ካሜራዋን እመለከታለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ባለ ሦስት ሞተሩን ቫኪዩም አያለሁ። ግሩም ማሽን ነው፤ አየሩም የመሳብ ኃይሉም አለው። አንድ ችግር ብቻ፦ ሁለት ገመድ አለው፣ ሁለቱ ገመዶችም ሁለት የተለያየ ብሬከር ይፈልጋሉ፤ የብዙ ቤት የውጭ ሶኬቶች ደግሞ ሁሉም በአንድ ብሬከር ነው የሚያልፉት። ሁለቱን ገመድ ስትሰካ ብሬከሩ ይወድቃል፤ ባለቤቱ ቤዝመንት ወርዶ ያነሣዋል፤ እንደገና ይወድቃል። ይህን ለማወቅ ዲፕሎማም አያስፈልግም። ትእዛዙን ግን አልሰረዝኩትም፤ ማክሰኞ ይደርሳል።