ስምና ወርቅ በዘነበወርቅ

ሌላው ዓለም ወርቅ ለማግኘት ተራራ ይንዳል፣ ወንዝ ያጥባል፣ አንዳንዴም ጦር ያዘምታል። እኛ ጦር ኃይሎች ሄደን ታክሲ እንይዛለን። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ዘነበወርቅ! ዘነበወርቅ!» ይላል፤ ያን የሚያህል ዜና ሲያውጅ ፊቱ ላይ ቅንጣት መገረም አይታይም። ተሳፋሪውም ባልዲ ይዞ አይሮጥም፤ ከኋላ ወንበር ቦታ መኖሩን አይቶ ይገባል። ለሰፈሩ እንግዳ የሆነ ሰው ግን አንድ ነገር ይወቅ፤ ከስሙ ግማሹ ቃሉን አጥፎ አያውቅም። ሐምሌ ሲገባ ይዘንባል፣ እንዲያውም አብዝቶ ይዘንባል፤ ጎርፉ ከቱቦው ወጥቶ አስፋልቱ ላይ ይንሸራሸራል፣ እግረኛው ሱሪውን ሰብስቦ ድንጋይ ይመርጣል። ገና መንገድ ላይ ያለው ሁለተኛው ግማሽ ነው። «ላም አለኝ በሰማይ» ያለው ሰውዬ ቢያንስ የጠበቀው ወተት ነበር።

ከዘነበወርቅ አለፍ ሲሉ አየር ጤና ይመጣል። ወርቅ የዘነበለት ሕዝብ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ንጹሕ አየር መሆኑን ያሰበ አስተዋይ ነበረ ማለት ነው። እነዚህ ሁለት የተባረኩ ስሞች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ጎረቤታቸው ማን ነው ቢሉ፣ ቆሼ። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ሲደፋበት የኖረው ክምር። ስሙን ልብ በሉልኝ፤ አበበን አቤ፣ ከበደን ከቤ እንደምንለው ቆሻሻንም አቆላምጠን ቆሼ ብለነዋል። ነፋሱ ወደ አየር ጤና ሲዞር የሚሸተተውም ያው የቁልምጫ ነገር ነው፣ ዘመድ አይጠላም። ይህ ሁሉ እንዲያው ገጠመ የሚሉ አሉ። እኔ የረቀቀ አመራር ይታየኛል።

ምክንያቱም ከተማችን ሌሎች ያልደረሱበት እውቀት ላይ ደርሳለች። ማንኛውም ችግር ሁለት መፍትሔ አለው፤ አንዱ ሥራ ነው፣ ሌላው ስም። ሥራ በጀት ይበላል፣ መሐንዲስ ይፈልጋል፣ ሲበላሽም ተጠያቂ ያመጣል። ስም የሚፈልገው አንድ ቆርቆሮ፣ ሁለት ብረት ቋሚ፣ ትንሽ ቀለምና የሚቆረጥ ሪባን ነው። ስም ሲበላሽ ደግሞ የተጠየቀ ሹም የለም። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ሲሉ አባቶቻችን ኮሚቴ ገና ስላልተቋቋመ ነው።

የቅኔ መምህራን ሰሙ ከላይ፣ ወርቁ ከሥር ነው ብለው አስተምረውናል። እዚህ ተገልብጧል፤ ወርቁ ከላይ ታርጋው ላይ ተጽፏል፣ ከሥር ያለውን ለማግኘት ደግሞ ቅኔ ቤት መግባት አያስፈልግም፣ አፍንጫ ይበቃል።

በእርግጥ በዘነበወርቅ ላይ ከመፍረድ በፊት እውነቱን መናገር ያሻል፤ ስሙን ያወጣ ማንም ሰው ሊያሾፍብን አልፈለገም። ልዕልት ዘነበወርቅ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ነበረች፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት ገና በለጋነቷ ያረፈች። ባሏ ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ በ1928 ዓ.ም ወደ ጣሊያን ገብቶ በታሪክ ሌላ ዓይነት ስም አተረፈ፤ የእሷ ስም ግን ያኔ ከከተማ ወጣ ብሎ በተሠራው የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል ላይ ዋለ። ሰፈሩ ከዚያ ተወለደ። ታክሞ የዳነ ሰው አገሩ ቢመለስ የሚቀበለው ስለሚያጣ እዚያው ሆስፒታሉ ጥግ ጎጆ ቀልሶ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ቀረ።

እዚህ ላይ የስም አምላኪዎች እንዲያነቡ የማልፈልገው ነገር አለ። የልዕልት ስም በሽተኛውን ልዑል አላደረገውም። ተቃራኒው ሆነ፤ ሕመሙ ስሙን ወሰደው። ስንት ዘመን «ዘነበወርቅ ነው የምኖረው» ያለ ሰው የተዘረጋለት እጅ ሲሰበሰብ አየ፣ ስንት ቀጣሪ «አሳውቅሃለሁ» ብሎ ሸኘ። ወርቅ የሚለው ቃል አፍ ውስጥ እያለ ሰዎች ወንበር ሸሹ። መድኃኒቱ ተገኝቶ፣ በሽታው የሚድን መሆኑ ታውቆ እንኳ ስሙ ቶሎ አልዳነም። ይህ ግን ዝርዝር ነው፣ ወደ ደስ የሚለው እንመለስ።

በ1958 ዓ.ም በዚያው ሆስፒታል ቅጥር ለመላው አፍሪካ ባለሙያ የሚያሠለጥን ማዕከል ሲቋቋም የእንግሊዝኛ ስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ተገጣጥመው አለርት ሆኑ፤ በፈረንጅ አፍ ንቁ፣ አይናችሁን ክፈቱ እንደ ማለት። ታክሲ ውስጥ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ከሜክሲኮ ጀምሮ ራሱን የጎረቤቱ ትከሻ ላይ ጥሎ የመጣ ሰው በርግጎ ይነሣና «አለርት ወራጅ!» ይላል። በአገሪቱ ውስጥ ስሙን ሲጠሩት ወዲያው የሚሠራ ተቋም ከተፈለገ ይኸው። እዚያው ጊቢ አጠገብ የሥጋ ደዌን ተሐዋሲ በ1873 እ.ኤ.አ. ባገኘው ኖርዌጃዊ ሐኪም በአርማወር ሐንሰን የተሰየመ የምርምር ተቋምም አለ። «አርማወር ሐንሰን፣ ሁለት ሰው የሞላ!» ብሎ የጮኸ ረዳት ግን እስካሁን አልሰማሁም፤ ሳንባ ይጨርሳል።

ክፍለ ከተማውንም አንርሳ። ኮልፌ ቀራንዮ። ኦሮምኛ የሚሰማ ጆሮ «ኮልፌ» ሲባል ሳቀ ይለዋል፤ ቀራንዮ ደግሞ ጌታ የተሰቀለበት ነው። በአንድ ማኅተም ላይ ሳቅና ስቅለት! ለጉዳይ ሄዶ የተመላለሰ ባለጉዳይ ስሙ የአገልግሎቱን ሁለት ደረጃዎች በቅደም ተከተል እንደሚገልጽ ያውቃል፤ መስኮቱ ላይ በፈገግታ «ነገ ተመለስ» ይሉሃል፣ ነገ ደግሞ ትሰቀላለህ።

በዚሁ ክፍለ ከተማ ዓለም ባንክ የሚባል ሰፈር አለ። ሽማግሌ ተልኮ የልጅቱ አባት «ልጁ የት ነው ያለው?» ሲሉ «ዓለም ባንክ» ማለት ውሸት አይደለም፤ ዶላሩን የሚጨምሩት ራሳቸው አባትየው ናቸው። ሚኪሊላንድም አለ። ለሕፃናት የተሠራ የመዝናኛ ስፍራ ይመስላል፤ የሚጠብቅህ ግን ኮንዶሚኒየም ነው። ስሙ የመጣው ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ሲሟገት ኖሮ በነሐሴ 1981 ዓ.ም በምዕራብ ኢትዮጵያ ወደ ስደተኞች መጠለያ ሲበር በአውሮፕላን አደጋ ከሞተው አሜሪካዊ የምክር ቤት አባል ከሚኪ ሊላንድ ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል፤ የእሱ ስም ከመቃብር በላይ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ውሎ ያድራል።

ከሰፈራችን ወጥተን ትልልቆቹን መንገዶች ብናይ የስም ሥራው ምን ያህል እንደተስፋፋ እንረዳለን። የቦሌ መንገድ በታርጋው አፍሪካ ጎዳና ነው። ናሚቢያ ጎዳና፣ ካሜሩን ጎዳና፣ ጋምቢያ ጎዳና አሉን፤ አህጉሩን በሙሉ አዲስ አበባ ላይ አስፍረን ስናበቃ ነዋሪው ግን ቤቱን «ከመስጊዱ ወረድ ብሎ፣ ከሰማያዊው ኮንቴይነር ጀርባ» እያለ ይጠቁማል። ኮንቴይነሩ የተነሣ ዕለት ሰውየው አድራሻ የለውም። የአሥመራ መንገድን ወስደን ደግሞ ኃይሌ ገብረሥላሴ ጎዳና አልነው። ክብሩ ይገባዋል፣ ማንም አይከራከርም፤ የማልረዳው በዓለም ላይ ረጅም ርቀት እንደሱ የሮጠ ሰው በማይገኝበት ዘመን መኪናው ከሃያ ሁለት አልንቀሳቀስ ያለበትን መንገድ ለምን መረጡለት? ወይስ በመንገዱ ላይ ከመኪና ቀድሞ የሚደርሰው እግረኛ መሆኑን አስበው ነው? ከሆነ ባርኔጣዬን አነሣለሁ።

ሜክሲኮ አደባባይ ለብቻው ይቁም። ጣሊያን አገራችንን ሲይዝ ወረራውን አልቀበልም ላለች አገር የተሰጠ ምስጋና ነው፤ እነሱም በዋና ከተማቸው አንዱን የምድር ባቡር ጣቢያ ኢትዮጵያ ብለውታል። በኋላ ግን ከስሙ አጠገብ ሌላ ስም ጨመሩበት፤ ጣቢያው አሁን «ኢትዮጵያ/የግልጽነት አደባባይ» ይባላል። ግልጽነትን ከኢትዮጵያ ጎን ለማቆም ውቅያኖስ መሻገር ግድ ሆኗል።

በሌላ በኩል ኮሚቴ ያላወጣቸው ስሞች አሉ፣ ችግራቸውም እውነት መናገራቸው ነው። ሰንጋ በሚሸጥበት ቦታ ሰንጋ ተራ ተባለ፤ ዛሬ ባንኮቹ ሰማይ የሚነካ ሕንፃቸውን የደረደሩት እዚያ ነው። ኒውዮርክ የገንዘብ ሰፈሯ ላይ በቆመ የነሐስ ኮርማ ካሜራ ያነገተ ቱሪስት ስታሰልፍ እኛ ከሷ በፊት በስም ጨርሰነዋል፤ ማን እንደሚታረድም አልደበቅንም። መርካቶ ውስጥ ምን አለሽ ተራ አለ፣ ያለቀለት ብረትና ቆርቆሮ ዳግም የሚወለድበት፤ ሸማቹ የሚጠይቀውን ጥያቄ ራሱን ስም አድርጎ ያስቀመጠ ገበያ። ፒያሳ አካባቢ ደግሞ እሪ በከንቱ። ሌባ ሲይዝህ ብትጮህ የሚደርስልህ ስለሌለ ነው ይባላል። ከተማው ውስጥ ካሉት ስሞች ሁሉ ለአቤቱታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት የሚመጥን እሱ ነበር፣ ማንም አልጠቆመውም። ዶሮ ማነቂያ ግን በ2016 ዓ.ም ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ አብሮ ሄደ። ዶሮዎቹ ቀድመው ታንቀዋል፣ ስሙ ተከተላቸው። አዲስ በሚተከለው ነገር ላይ እንዲህ ያለ ስም የሚደፍር አይኖርም፤ ሁሉም ቪው፣ ሃይትስ፣ ጋርደን ይሆናል፤ ቪው የተባለው ሕንፃ መስኮቱ የሚያየው ሃይትስ የተባለውን ሕንፃ ጀርባ ነው።

ከእውነተኞቹ ስሞች ሁሉ አንዱን ብቻ ለማሾፍ አልደፍርም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም የቆሼ ክምር ተንዶ ሥሩ የነበሩትን ቤቶች ቀበረ፤ ከ110 በላይ ሰው ሞተ፣ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። በዓመቱ፣ በነሐሴ 2010 ዓ.ም፣ እዚያው ቦታ ቆሻሻ እያቃጠለ መብራት የሚያመነጭ፣ ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ጣቢያ ተመረቀ። ስሙ ረጲ ነው። የአካባቢው የቆየ ስም ስለሆነ ማንም ሊቃወመው አይችልም። ብቻ እንዲህ ነው የሆነው፤ ሰው የሞተው ቆሼ ነው፣ ሪባን የተቆረጠው ረጲ። አንድ መሬት ሁለት ስም ሲኖረው አንዱ ለቅሶ ይቀመጣል፣ ሌላው ሠርግ ይሄዳል።

ስለዚህ ዕድገትን የሚያደናቅፍ ተቺ እንዳልባል የራሴን ገንቢ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከአለርት ማዶ ክዳኑ የጠፋው ቱቦ ሁሉ ይሰየም። «ክፍት ልብ መተላለፊያ» ቢባል የሚወድቅበት ሰው ቢያንስ ተስተናግዶ ይወድቃል። ውሃ በሳምንት አንዴ የሚመጣበት ሰፈር «ፏፏቴ መንደር» ይሁን፤ ነዋሪው ጀሪካኑን ተሸክሞ ፏፏቴ ሲሄድ የቱሪዝም ገቢም ይቆጠራል። መብራት የሚጠፋበት አካባቢ ንፋስ ስልክን አርአያ ያድርግ። ያ ስም ሲወጣ ገመድ የሌለው ስልክ ማለት ነበር፤ ዛሬም ኔትወርክ ሲጠፋ ከስልካችን የሚሰማው ንፋስ በመሆኑ ስሙን አስመስክሯል። ማታ ሠልፉ ከታክሲ ተራ ተነሥቶ መንገድ የሚሻገርበት ቦታ ደግሞ «የኢዮብ አደባባይ» ይባል፤ ለትዕግሥት ከዚህ የበለጠ መታሰቢያ አይገኝም፣ ሐውልቱንም ሠልፈኛው ራሱ ቆሞ ይሞላዋል፣ ነሐስ አያስወጣም።

አንድ ግዴታ ብቻ አስገባበታለሁ። ማንኛውም አዲስ ስም ሪባን ከመቆረጡ በፊት ጦር ኃይሎች ተወስዶ ለረዳቶች ይሰጥ። ረዳቱ በአንድ ትንፋሽ ሁለቴ ጠርቶት፣ ሰው ሰምቶት፣ ሦስት ሰው ከገባ ጸድቋል። ካልሆነ ወደ ኮሚቴው ይመለስ። ኮሚቴው በውጤቱ ቅር ከተሰኘም ሰብሳቢው ራሱ ይሳፈር፣ ከኋላ፣ ከጎማው በላይ ካለው ወንበር። በራሱ ፊርማ ባጸደቀው ስም «የብሩህ ዘመን ጎዳና ወራጅ አለ!» ይበል። ሹፌሩ በመስተዋት ያየዋል፣ ረዳቱ «ምን አሉ አባቴ?» ይለዋል፣ ተሳፋሪው ወደ መስኮቱ ይዞራል፣ መኪናው ይሄዳል። ዘነበወርቅ ያልፋል፣ አየር ጤና ያልፋል። ሰብሳቢው የሚወርደው ካራ ቆሬ ነው፤ የመመለሻ ታክሲ ሲፈልግ ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ ይጠየቃል።