ማርቬል ከጋሼ ቪዲዮ ቤት የተማረው

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ሰኔ 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እትዬስ እንዴት ናቸው? የወገብዎ ነገርስ ተሻለዎት? እኔ ከእናንተ ናፍቆትና ከመኪና ኢንሹራንስ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ባለፈው ስንደዋወል “ለመሆኑ እዚያ አገር አዳራሽ ገብቶ ፊልም የሚያይ ሰው ቀርቷል ወይስ ሁሉም በየስልኩ ነው?” ብለው ሲጠይቁኝ መስመሩ ተቋረጠ። ጥያቄው የሙያ ስለሆነ በስልክ የሚመለስ አይደለም። የደሴን ልጅ በአግዳሚ ወንበር ደርድሮ ሲኒማ ያስተማረ ሰው የተሟላ ሪፖርት ይገባዋልና ይኸው ጻፍኩልዎ።

ሚያዝያ 24 ቀን ማርቬል የሚባለው ኩባንያ “ተንደርቦልትስ” የተሰኘ አዲስ የቡድን ፊልም አወጣ። የቡድን ፊልም ማለት እንዲህ ነው፤ እርስዎ ዘንድ ራምቦ አንድ ቀን፣ ኮማንዶ ሌላ ቀን ይመጡ አልነበር? እዚህ ሁሉንም ባንድ ትኬት ሰብስበው ያመጧቸዋል። እዚሁ ተወልዶ ያደገው የእህቴ ልጅ ካልወሰድከኝ ብሎ አላስቀምጥ አለኝ። ዕለቱ ዓርብ ቢሆንም በዓለ ሃምሳ ስለነበር ፋንዲሻው ላይ የሚፈሰው ቅቤ አላሳሰበኝም። ኋላ ስጠይቅ ለካ ቅቤም አይደለም፣ ዘይት ነው፤ ሁዳዴንም ያስበላል። የትኬቱን፣ የፋንዲሻውንና የለስላሳውን ዋጋ ወደ ብር መንዝሬ አልነግርዎትም፤ ደም ግፊትዎ ይነሳል።

ሰዓቱ ደርሶ እንኳ ፊልሙ አይጀመርም። ሃያ ደቂቃ ያህል የሌላ ፊልም ማስታወቂያ ያሳዩናል፣ ሰውም ከፍሎ ገብቶ በትዕግሥት ያያል። እርስዎ ቤት አምስት ደቂቃ ሲዘገይ ቆርቆሮው ላይ የሚዘንበውን ድንጋይ ያውቁታል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ቀይ የወታደር ልብስ ለብሶ፣ ደረቱ ላይ ኮከብ ለጥፎ ነው የመጣው። ልጅ እንዳይመስልዎት፤ ሽበት የጣለበት፣ ምናልባትም የልጅ ልጅ ያለው ሰው ነው።

ከመግባታችን በፊት የእህቴ ልጅ የማየውን ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። እዚህ የፊልም መጨረሻ ማውራት ነውር ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. “አቬንጀርስ፦ ኤንድጌም” ሲወጣ፣ ዳይሬክተሮቹ የሩሶ ወንድማማቾች እባካችሁ ታሪኩን አትናገሩብን ብለው ለተመልካቹ ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ሦስት ሰዓት ከአንድ ደቂቃ የሚፈጅ፣ በመጨረሻም ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ያስገባ ፊልም ይዘው ልመና ገቡ! እርስዎ ቤት ግን ክብሩ ጠዋት አይቶ ከሰዓት የሚደግመው ልጅ ነበር። “አሁን ከኋላው ይመጣበታል! አሁን በሩን ይሰብራል!” እያለ ከፊት አግዳሚ ሲተነብይ ማንም ዝም በል አይለውም፤ እንግሊዝኛ ለማንሰማው ለሁላችን እሱ ነበር አስተርጓሚያችን። ያ ልጅ እዚህ ቢሆን ኖሮ ጥበቃ ይጠሩበት ነበር።

ታሪኩን ለእርስዎ ብነግር መሐላው አይይዘኝም። ቫለንቲና የተባለች የሲ.አይ.ኤ. አለቃ በስውር ቆሻሻ ሥራ የምታሠራቸው ሰዎች አሏት። የአሜሪካ ምክር ቤት ከሥልጣን ሊያወርዳት መመርመር ሲጀምር፣ ማስረጃ ለማጥፋት ብላ ሠራተኞቿን እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ወደ አንድ ምሽግ ትልክና እርስ በርስ እንዲገዳደሉ ታደርጋለች። ነገሩ ሲገባቸው ተባብረው ያመልጣሉ። መብረቅ የሚጠራ፣ ሰማይ የሚሰነጥቅ ከመካከላቸው የለም። የሌና ሥራዋ የሰለቻት ነፍሰ ገዳይ ናት። ባኪ የምክር ቤት አባል ሆኗል፤ የብረት ክንዱን ነቅሎ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ያጥበዋል። የቡድኑ ስም እንኳ የሌና በልጅነቷ ከተጫወተችበት የሕፃናት ኳስ ቡድን የተወሰደ ነው።

በነገራችን ላይ “እውነት ነው ወይስ ካሜራ ነው?” የሚለው ክርክር በእርስዎ በር ላይ ስንት ጥርስ እንዳነቃነቀ ያውቃሉ። የዚህኛው እውነት ነው። መጀመሪያ ላይ የሌና ከሕንፃ ጫፍ ራሷን ስትለቅ፣ ተዋናይዋ ፍሎረንስ ፒዩ ራሷ በገመድ ታስራ ኩዋላ ላምፑር ከሚገኘው መርደካ 118 ወርዳለች። ሕንፃው 679 ሜትር ገደማ ነው፣ በዓለም ሁለተኛው ረጅም። ለድሮ ተከራካሪዎች ሁሉ ይንገሩልኝ።

የመጀመሪያው ቅሬታ የተነሳው ገና ምሽጉ ውስጥ ነው። ኦልጋ ኩሪሌንኮ የምትሠራት ታስክማስተር፣ ፖስተሩ ላይ ከሌሎቹ እኩል የቆመችው፣ ገና ከመግባቷ በጥይት ተመትታ ወደቀች። አዳራሹ አጉረመረመ። ከእርስዎ የተማርነው ሕግ ግልጽ ነበር፤ አክተር አይሞትም፣ ፖስተር ላይ የወጣ ደግሞ አክተር ነው። የእህቴ ልጅ ጓደኛ እስካሁን ይቅር አላላቸውም፤ ፎቶዋን አሳይተው ገንዘባችንን በሉ ይላል። እኔ ግን እርስዎ ሰሌዳው ላይ “ብሩስ ሊ” ብለው ጽፈው ሌላ ሰው ይዘውብን የመጡበትን ቀን አልረሳሁም። ስንጮህ “እሱ የብሩስ ሊ ተማሪ ነው፤ ዝም ብላችሁ እዩ” ነበር ያሉን። አየን፤ ደግሞም ወደድነው።

ሥራዬ ሹፌርነት እንደሆነ ያውቃሉ። አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ተሳፋሪ የምንጠብቅበት ቦታ አለ፤ ቡናው በቴርሞስ፣ ክርክሩ በነፃ ነው፣ አብዛኞቻችንም የአገር ልጆች ነን። ፊልሙ እዚያ ገባ። የገባበት ምክንያት አሌክሲ ነው። አሌክሲ በሶቪየት ዘመን የአገሩ ኩራት፣ ቀይ ለባሽ ጀግና ነበር (አጠገቤ የነበረው ሰውዬ የለበሰው የእሱን ልብስ ነው)። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ሊሞዚን ይነዳል! በአገሩ አንቱ የተባለ ሰው፣ በሰው አገር ሻንጣ ተሸካሚ! አንዱ ባልደረባችን አገር ቤት ርእሰ መምህር ነበር፤ “ይህን ፊልም የጻፈው ሰው እኔ መኪና ውስጥ ተሳፍሯል” ብሎ እስከ ዛሬ ይምላል።

ይባስ ብሎ አሌክሲ የቫለንቲናን ሴራ የሚደርስበት ሊሞዚኑን እየነዳ የሰማውን ወሬ ይዞ ነው። ለሙያችን ትልቅ ክብር ነው፤ በዋሽንግተን ዙሪያ እኛ ከኋላ ወንበር ያልሰማነው የመንግሥት ምስጢር የለም፤ የሚጠይቀን ጠፍቶ ነው እንጂ። ከዚያ አሌክሲ ሊሞዚኑን እየነዳ በረሃ ድረስ ሊያድናቸው ይሄዳል፣ የታጠቁ መኪኖችም ያሳድዱታል። አዳራሹ በዚህ ትዕይንት ሲስቅ ነበር። የእኛ ሰዎች ግን አልሳቁም። የደርሶ መልሱን ነዳጅ ማን ሊችል ነው? ተሳፋሪዎቹስ ኪሳቸው ውስጥ አምስት ሳንቲም ይኖራል? ለንግድ መኪና የተገባ ኢንሹራንስስ ለመትረየስ ይከፍላል? ይህ ክርክር ስላላለቀ ሁለት ተሳፋሪዎች እንዳለፉን ሰምቻለሁ።

ቦብ የሚባል ደግሞ አለ፤ ፒጃማ የመሰለ ልብስ የለበሰ፣ ዓይነ አፋር ሰው። መድኃኒት ሞክረውበት ከሁሉም በላይ ኃያል ሆኗል፤ ነገር ግን በውስጡ የተሸከመው ጨለማ ይወጣና የኒው ዮርክን ሕዝብ አንድ በአንድ ወደ ጥላ ይለውጠዋል። ታዲያ በምን አሸነፉት? በካራቴ? በሚሳይል? አይደለም፣ ጋሼ። አቀፉት። አክተሮቹ በሙሉ ተሰብስበው ሌባውን አቅፈውት ነገሩ አበቃ! እርስዎ ቤት ቢሆን ገንዘባችን ይመለስ ብለን አግዳሚውን ተሸክመን በወጣን ነበር። እዚህ ግን ባለ ሽበቱ ቀይ ለባሽ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ስለ ድብርትና ስለ ብቸኝነት ፊት ለፊት የተናገረ የማርቬል ፊልም ይኸው መጣ ብሎ ብዙ ሰው ወደደው። ተመልካቹን አዳራሽ ውስጥ እየጠየቀ ውጤት የሚያወጣ ሲኒማስኮር የሚባል ድርጅት አለ፤ እሱም “ኤ ማይነስ” ሰጠው። በየካቲት የወጣው የካፒቴን አሜሪካ ፊልም ያገኘው “ቢ ማይነስ” ነበር።

ከባልደረቦቼ አንዱ “ጸበል ቢወስዱት ኖሮ በአርባ ደቂቃ ያልቅ ነበር” አለ። የእኔን ፍርድ ከፈለጉ፣ እቅፉን ወድጄዋለሁ። በጥር ወር አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን በሚጨልም አገር፣ ሌሊት ሌሊት ብቻውን ሲነዳ የከረመ ሰው ቦብን ሌባ ለማለት አፉ አይታዘዝለትም።

አሁን እርስዎን ወደሚያኮራው ጉዳይ ልምጣ። ከፊልሙ ስም ጎን አንዲት ኮከብ ምልክት ነበረች፣ ውል ላይ “ከታች ደቃቁን ጽሑፍ እይ” የምትለዋ ዓይነት። ሰው ለወራት ምን ይሆን እያለ ሲፈታት ከረመ። ፊልሙ ሲያልቅ ስሙ ተመልሶ መጣና “አዲሶቹ አቬንጀርስ” ተብሎ ተለወጠ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ የእህቴ ልጅ ትከሻዬን ደበደበኝ። ይህን ነበር እንዳልናገር ያስማለኝ። እኔም ቅዳሜና እሁድ አፌን ይዤ ዋልኩ። ሰኞ ሲሆን ኩባንያው ራሱ አዲሱን ስም በየማስታወቂያው ላይ አወጣው!

ሕዝቡ አበደ። እኛን በዝምታ አስራችሁ እናንተው ታወሩታላችሁ? አሉ። ሌሎቹ የለም፣ ብልሃት ነው፤ አቬንጀርስ የሚለውን ስም ሲሰማ ሶፋው ላይ የቀረውም ይነሳል አሉ። ገንዘቡን ካዩ እነዚህኞቹም ልክ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ፊልሙ እዚህ ያስገባው 74 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ለእኔና ለእርስዎ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ኤንድጌም በመጀመሪያ ሦስት ቀኑ 357 ሚሊዮን አስገብቶ ነበር።

እኔ ያስታወስኩት እርስዎን ነው። ዓርብ በጠመኔ “ኃይለኛው ወታደር” ብለው የጻፉትን ፊልም ሰኞ “የወታደሩ በቀል” ብለው አይጽፉትም ነበር? ዳግመኛ ከፍለን ገብተን፣ ያው መሆኑን ስናውቅ ስንጮህ፣ “ይሄኛው ጥራት ያለው ካሴት ነው” አላሉንም? ማርቬል ይህንኑ ነው ያደረገው። ስንት ምሁር ቀጥሮ፣ ስንት ስብሰባ ተቀምጦ የደረሰበትን እርስዎ በአንዲት ጠመኔ ጨርሰውታል። ባለመብትነትዎን አለማስመዝገብዎ ይቆጨኛል።

ስለ ንግድ ካነሳን አይቀር፣ የወንበሩን ነገር ልጨምርልዎ። የዚህ ቡድን ሰዎች “አቬንጀርስ፦ ዱምስዴይ” በሚባለው መጪ ፊልም ላይም አሉበት። ማን ማን እንደሚሠራበት ለማሳወቅ መጋቢት 17 ቀን ወንበር አሳዩ። ጀርባው ላይ የተዋናይ ስም የተጻፈበት ባዶ ወንበር፤ ቆይቶ ሌላ ወንበር፤ እንዲህ እያሉ 27 ስም ለመጥራት ከአምስት ሰዓት በላይ ፈጀባቸው፣ በመጨረሻ ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር በአካል ብቅ አለ። ይህን ያህል ጊዜ ሰው ሥራውን ትቶ ወንበር ሲመለከት ዋለ! የእህቴ ልጅ በየወንበሩ ሲጮህ ጎረቤት ምን ሆናችሁ ብሎ አንኳኳብን። ጋሼ፣ እርስዎ ያን ሁሉ አግዳሚ ይዘው አንድ ቀን እንኳ አግዳሚውን ብቻ ልናሳያችሁ አላሉንም። የጎዳዎት የዋህነትዎ ነው።

እዚህ ፊልም አለቀ ተብሎም አይወጣም። የሠራተኛው ሁሉ ስም እየወረደ ሰው ንቅንቅ አይልም፤ እኔ ብድግ ስል የእህቴ ልጅ በኮቴ ጫፍ ጎትቶ አስቀመጠኝ። መጀመሪያ አሌክሲ ሱፐርማርኬት ውስጥ የራሱ ፎቶ ያለበትን የቁርስ ካርቶን አንዲት ሴትዮ እንድትገዛ ሲለማመጥ አሳዩን። መጨረሻ ላይ ደግሞ የስም ጠብ መጣ። አሁን ካፒቴን አሜሪካ የሆነው ሳም ዊልሰን “አቬንጀርስ” የሚለውን ስም በራሱ በኩል ሊያስመዘግብ አመልክቷል። ወጣቱ በሁለት ተከፍሎ፣ ስሙ የሳም ነው፣ የለም የእነ የሌና ነው፣ እያለ ይሟገታል። እኛ ሹፌሮች ግን በዚህ ጉዳይ ባለሙያዎች ነን። እዚህ አገር የኛ ሰው ማኅበር ሲከፈል ሁለቱም ወገን ያንኑ ስም ይይዛል፣ ሁለቱም ማኅተም ያስቀርጻል፣ ሁለቱም በአንድ ቅዳሜ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል፤ የተጠራነው አባላት የትኛው አዳራሽ እንደምንገባ ግራ ይገባናል። አሌክሲማ ክስ እንዳይመጣበት የስሙን የመጨረሻ ፊደል ለውጦ ልብሱ ላይ አሠርቶ መጣ። ርእሰ መምህሩ ባልደረባችን ይህን ሲያይ “ይሄ ሰውዬ የኛ ማኅበር ጸሐፊ ነበር እንዴ?” አለ።

ዱምስዴይ የሚወጣው በሚያዝያ ይሆናል ተብሎ ነበር፤ በቅርቡ ወደ ታኅሣሥ 9 ቀን 2019 ዓ.ም. ገፍተውታል። የእህቴ ልጅ ቤት ውስጥ ሐዘን ተቀምጦ ነው የሰነበተው። እናቱ ምን ነካው ብላ ስትጠይቀኝ እውነቱን ብነግራት አላመነችኝም።

ያዘዙኝን ፕሮጀክተር ገዝቻለሁ። ሐምሌ ላይ አንድ ወዳጄ ስለሚመጣ ከኪሎው አካፍሎ ይዞልኝ ይመጣል፤ እትዬ ትንሽ በርበሬና ሽሮ ካዘጋጁለት ባዶ ሻንጣ ይዞ አይመለስም። ቤቱ አሁን የዲኤስቲቪ ቤት ስለሆነ ኳስ ባለበት ቀን ፊልም እንዳይሞክሩ፤ የአርሴናልና የማንቼ ደጋፊ ከሱፐርሂሮ ደጋፊ የባሰ ነው። ለሁሉም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የቀረብኝን የአንድ ቀን መግቢያ፣ አንዲቷን ስሙኒ፣ ከፕሮጀክተሩ ሒሳብ ላይ ያቀናንሱልኝ።

የፊት አግዳሚው ደንበኛዎ